ጂን በቶኒክ ወባን አያድንም፤ የእኛ አረቄም እንዲሁ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ መጠጥ ቀጂ ነው። ሰሞኑን በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ጂን በቶኒክ ለወባ መድኃኒት ነው የሚባለው እውነት ነው እንዴ? ደንበኞች ሁሌ ይሉኛል» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ደስ አለኝ። ግን እዚህ ደብረ ኤልያስም ይኸው ወሬ ሌላ ልብስ ለብሶ ይዞራል። እኛ ጋ ጂን የለም፣ ቶኒክም የለም፤ «ነጭ ሽንኩርት በአረቄ ዘፍዝፈህ ጠጣበት፣ ወባው ይወጣል» ነው የሚባለው። ስለዚህ ለአንዱ ልጅ ብቻ መልሼ ከምተወው ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። መጠጥ መጠጥ ነው፤ መድኃኒት መድኃኒት ነው። ሁለቱን ማምታታት ለሆቴል ደንበኛ የጨዋታ ማድመቂያ ሊሆን ይችላል። ከቆላ ተንቀጥቅጦ ለተመለሰ የእኛ ልጅ ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ስለ መጠጡ እናውራ። (ዓመተ ምሕረቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ጂን ማለት ከእህል የሚወጣ፣ በጥድ ፍሬ የሚሸተት አረቄ ነው። ስሙም ከዚያው ከጥድ ነው የመጣው። ደቾች «ጀኔቨር» ይሉት ነበር፤ እንግሊዞች ወስደው አሳጠሩትና «ጂን» አሉት። በ1830 ኤኒያስ ኮፊ የተባለ አየርላንዳዊ ያለማቋረጥ አረቄ የሚያወጣ ማሽን የባለቤትነት መብት ካገኘበት በኋላ፣ ንጹሕና ስኳር የሌለበት «የለንደን ድራይ ጂን» እየተስፋፋ መጣ። የእኛው ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካም ጂን ያመርታል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ አንዳንድ ነገር መሞከር የምትወዱ ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁና። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የምናየው የሐበሻ ጥድ ከጂኑ ጥድ ጋር ዘመድ ነው እንጂ አንድ አይደለም። ዘመድ ስለሆነ ብቻ ፍሬውን ለቅማችሁ አረቄ ውስጥ እንዳትጨምሩ።

ከጂን ጋር የኛ አረቄ ሩቅ አይደለም። ዳጉሳው ተፈጭቶ፣ ቂጣው ተጋግሮ፣ ከብቅልና ከጌሾ ጋር ይደፈደፋል። ለቀናት ይብላላል። ከዚያ ድፍድፉ እሳት ላይ ይጣድና እንፋሎቱ በመቃ አልፎ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ጠብ ጠብ እያለ ይጠራቀማል። እንደገና ከወጣ ዳግም አረቄ ይሆናል። የፈረንጁ ፋብሪካና የእኛዋ እናት ጓዳ በአንድ ሕግ ነው የሚሠሩት፤ አልኮል ከውሃ ቀድሞ ይተናል፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። ጂንና አረቄ ወንድማማቾች ናቸው ብል አላጋነንኩም።

አሠራሩን ለጠየቃችሁኝ፣ ጂን በቶኒክ የሚባለው መጠጥ በጣም ቀላል ነው። ረጅም ብርጭቆ በበረዶ ይሞላል። በረዶው ብዙ ሲሆን ቶሎ አይሟሟም፣ መጠጡም አይቀጥንም። 50 ሚሊ ሊትር ያህል ጂን ይጨመራል፤ ከዚያ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የሚሆን ቀዝቃዛ ቶኒክ ጋዙ እንዳያመልጥ በዝግታ ይፈስበታል። አንዴ ብቻ በማንኪያ ይነካካል፣ አንድ ቁራጭ ሎሚ ጣል ይደረግበታል። አለቀ። ጂኑ የጥድ መዓዛውን፣ ቶኒኩ ምሬቱንና ስኳሩን፣ ሎሚው ኮምጣጣነቱን ያመጣል።

የወባው ወሬ የመጣው ከቶኒኩ ምሬት ነው። ምሬቱ የኪኒን ምሬት ነውና።

አዎ፣ ኪኒን። እኛ ዛሬ ለራስ ምታትም ለጨጓራም የሚዋጠውን ፍሬ ሁሉ «ኪኒን» እንላለን አይደል? ቃሉ መጀመሪያ የአንድ መድኃኒት ስም ነበር፤ የወባ መድኃኒት፣ ፈረንጆቹ «ኩዊኒን» የሚሉት። ያ መድኃኒት በአገራችን ከመታወቁ የተነሳ ስሙ ለመድኃኒት ፍሬ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ሳናውቀው በየቀኑ የአንድ የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ቅርፊት እንጠራለን ማለት ነው።

ዛፉ ሲንኮና ይባላል። የሚበቅለው በአንዲስ ተራሮች፣ በነፔሩ አካባቢ ነው። ቅርፊቱ መራራ ነው፤ ንዳድ ለያዘው ሰው ተፈጭቶ ይሰጥ ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ ያስገቡት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ናቸው፤ ለዚህም «የኢየሱሳውያን ቅርፊት» ይባል ነበር። ለጎጃም ሰው ይህ ማኅበር እንግዳ አይደለም። በ1618 ሰከላ ድረስ ሄዶ ግሽ ዓባይን ያየው ፔድሮ ፓኤዝ የዚሁ ማኅበር ሰው ነው። ፓኤዝ በ1622 እዚሁ አገራችን በትኩሳት ታሞ ሞተ። ጥቂት አሥርት ዓመታት ሳያልፉ የሱ ማኅበር ሰዎች የትኩሳት መድኃኒት የሆነውን ቅርፊት ከዓለም ወዲያኛው ጫፍ ወደ አውሮፓ ይዘው መጡ። ለሱ አልደረሰለትም።

በ1820 ፔልቲየና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳዮች ከቅርፊቱ ውስጥ የሚሠራውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡት። ከዚያ ወዲህ ቅርፊት መዋጥ ቀረና የተመጠነ ኪኒን መጣ። ልብ በሉልኝ፤ «የተመጠነ» የሚለውን ቃል ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዝነኛው ታሪክ። በሕንድ የነበሩ የእንግሊዝ መኮንኖች ወባን ለመከላከል መራራውን ኪኒን መጠጣት ነበረባቸው፣ ምሬቱን ለማለስለስ ስኳርና ጂን ጨመሩበት፣ በዚህም ጂን በቶኒክ ተወለደ ይባላል። ደስ የሚል ተረት ነው። ግማሹም እውነት ነው፤ ኪኒን ከመጠጥ ጋር ተቀላቅሎ ለወታደርና ለመርከበኛ ይሰጥ ነበር። ቶኒክ ውሃ ራሱ ግን በ1858 ለንደን ውስጥ ኢራስመስ ቦንድ የሚባል ሰው መብት ያወጣበት ጋዝ ያለው መጠጥ ነው። «ጂን በቶኒክ» የሚለው ስም በጽሑፍ ቀድሞ ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ ደግሞ በሕንድ ይታተም የነበረ የ1868 የስፖርት መጽሔት ነው። እዚያ መጠጡ የታዘዘው በሕመምተኛ መኝታ አጠገብ አልነበረም፤ በፈረስ ግልቢያ ውድድር ላይ ነው። ሰው ሞቆት፣ ተጫውቶ፣ ተጠምቶ ያዘዘው ማለት ነው። ገና ከጅምሩ መዝናኛ ነበር።

ታሪኩን ተዉት፣ ሂሳቡን እንሥራ። ሂሳብ ትወዱ አልነበር?

አሜሪካ ውስጥ በቶኒክ ውሃ እንዲኖር የተፈቀደው ከፍተኛ የኪኒን መጠን በሊትር 83 ሚሊ ግራም ነው። በኪኒን የሚታከም 60 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ ደግሞ በየ8 ሰዓቱ 600 ሚሊ ግራም ይሰጠዋል፤ በቀን 1,800። 1,800ን ለ83 አካፍሉ። ወደ 22 ሊትር ይጠጋል። በ300 ሚሊ ሊትር የለስላሳ ጠርሙስ ብናሰላው በቀን 72 ጠርሙስ! ሕክምናው 7 ቀን ስለሚወስድ ከ500 ጠርሙስ በላይ ይሆናል። በእያንዳንዱ ብርጭቆ ጂን የሚጨምርበት ሰው ደግሞ ወባው ሳይደርስበት ጂኑ ይቀድመዋል።

እንግዲህ ኪኒን ያለበት ቶኒክ እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ ቅንጣት ኪኒን የሌለበት አረቄስ? ማረጋገጥ የሚፈልግ ካለ ቀላል ሙከራ አለ። ባንክ ቤት የብር ኖት የሚፈትሹበትን ወይን ጠጅ መብራት ቶኒክ ላይ አብሩበት፤ በጨለማ ውስጥ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። የሚያበራው ኪኒኑ ነው። ቀጥሎ አረቄ ላይ አብሩበት። ያንን የኪኒን ብርሃን አታዩትም።

«ታዲያ ቲቸር፣ እኔ ራሴ አረቄ ጠጥቼ ድኛለሁ» የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይህ ሰው ውሸታም አይደለም። ተሽሎታል። ግን ያሻለው ምንድን ነው?

ወባ በደማችን ውስጥ የምትባዛው በቀይ የደም ሕዋሶች ውስጥ ነው። ጥገኛ ተሕዋሱ ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ሲበቃው ሕዋሱን አፈንድቶ ይወጣል፣ ከዚያ ሌላ ይወራል። በአገራችን በብዛት ያሉት ሁለቱ የወባ ዓይነቶች ይህን ዑደት የሚጨርሱት በ48 ሰዓት አካባቢ ነው። ሕዋሶቹ አንድ ላይ ሲፈነዱ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥሎ ትኩሳቱ ይነድዳል፤ በመጨረሻ ላብ በላብ ይሆናል። ላቡ ሲወጣ ቅልል ይለዋል፣ እንቅልፍ ይወስደዋል። በማግሥቱ «ተሻለኝ» ብሎ ይነሳል። የድሮ ሰዎች «ንዳድ ቀን እየዘለለ ይመጣል» የሚሉት ይህን አይተው ነው።

አሁን አረቄውን እዚህ ውስጥ አስገቡት። ሰውየው ሲንቀጠቀጥ አረቄ ይሰጡታል። ከሰዓታት በኋላ ያልበዋል። በማግሥቱ ይነሳል። «አረቄው አወጣው!» ይባላል። አረቄ ባይጠጣም ያልበው ነበር፤ ባይጠጣም ይነሳ ነበር። ወባዋ አልወጣችም፤ ለሚቀጥለው ዙር እየተባዛች ነው። በተለይ ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ ዓይነት ብዙ ዙር አይጠብቅም። በመሐል አንጎልን ሊመታ ይችላል፤ ያኔ ሰውየው ሲቃዥ «አጋንንት ነው» ተብሎ ደግሞ ሌላ ሁለት ቀን ይባክናል።

አረቄው ሥራ ፈቶ እንደማይቀመጥም እወቁት። ብርድ የያዘውን ሰው ያሞቀው ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን የቆዳን የደም ሥሮች ከፍቶ የውስጥ ሙቀቱን ማባከን ነው። ሽንት ያበዛል፤ ትኩሳቱና ትውከቱ ያደረቁትን ሰውነት ይብሱኑ ያደርቀዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የደም ስኳር ነው። ከባድ ወባ የደም ስኳርን ያወርዳል። ባዶ ሆድ የተጠጣ አልኮልም ያወርዳል። ሁለቱ ሲገናኙ ሰው ራሱን ስቶ «ሰክሮ ተኛ» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ሰክሮ ሳይሆን እየሞተ ሊሆን ይችላል።

«አባቶቻችን በዚሁ ኖረዋል» የሚለውም መልስ ይገባዋል። ኖረዋል፤ የኖሩት ናቸው ታሪኩን የነገሩን። በ1958፣ በእኛ አቆጣጠር 1950 መገባደጃና 1951 መግቢያ ላይ፣ ወባ ከቆላ አልፎ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ያለውን አገር መታ። ወደ 3 ሚሊዮን ሕዝብ እንደታመመ፣ 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። በዚያ ዓመት አረቄ አልጠፋም ነበር። ነጭ ሽንኩርትም አልጠፋም። ያልነበረው በበቂ መጠን፣ በሰዓቱ የሚደርስ መድኃኒት ነው።

ይህ ደግሞ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2024 ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል፤ 1,157 ሰው ሞቷል። እኛ ደጋ ላይ ስለተቀመጥን «አይነካንም» ማለት አይቻልም። ወረዳችን በደቡብ ዝቅ ብሎ ዓባይ በረሃ ይገባል። ልጆቻችን ለቀን ሥራ መተማና ሑመራ ይወርዳሉ። ደጋ ያደገ ሰው ደግሞ ወባን አይለማመዳትም፤ ሰውነቱ ስለማያውቃት አጥብቃ ትመታዋለች።

አንዳንዶቻችሁ «የአገር ባህል መድኃኒትን ናቅህ» እንደምትሉኝ ይታወቀኛል። ኧረ በጭራሽ! ኪኒን ራሱ የባህል መድኃኒት አይደለም እንዴ? ቅርፊት ነበር። ዛሬ ለወባ የምንሰጠው ኮአርተም ውስጥ ያለው አርቴሜተር የተገኘው ከቻይናውያን የባህል ቅጠል ነው። ቱ ዩዩ የተባለች ሳይንቲስት የጥንት የሕክምና ጽሑፍ አንብባ፣ ቅጠሉን ማፍላቱ ኃይሉን እንደሚያጠፋው ጠርጥራ፣ በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው። በራሷም ላይ ሞከረችው። በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኘችበት። የእኛው ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከእነሱ በታች ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ናቸው። አይቶ አላለፈም፤ መረመረ፣ መዘነ፣ ደጋግሞ ፈተነ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ቅርፊቱም፣ ቅጠሉም፣ እንዶዱም ተፈትነው አለፉ። ቅድም «የተመጠነ» ያልኳችሁ ይኸው ነው። ስንት ሚሊ ግራም፣ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ቀን፣ ለማን? ይህን የሚመልስ መድኃኒት ነው። «ትንሽ ቅመስበት» የሚል ግን መጠጥ ነው። ፈተናውን ያላለፈ ተማሪ አላሳለፍኩም፤ አረቄንም አላሳልፍም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለው በዚያው ቀን፣ ቢበዛ በማግሥቱ፣ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጣት ተወግቶ በጠብታ ደም የሚሠራው ምርመራ ውጤቱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። «ከቆላ ነው የመጣሁት» ማለትን አትርሱ፤ ደጋ ላይ ያለ ባለሙያ ጉንፋን ሊመስለው ይችላል።

ሁለተኛ፣ የተሰጣችሁን ጨርሱ። ኮአርተም ጠዋትና ማታ ለ3 ቀን የሚወሰድ ነው፣ በድምሩ ስድስት ጊዜ። ሁለተኛው ቀን ላይ ስለተሻላችሁ «ለሚቀጥለው ላስቀምጥ» ወይም «ለወንድሜ ላካፍል» የለም። ለሁለቱም አይበቃም።

ሦስተኛ፣ ኮአርተም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው ሰውነት በደንብ የሚቀበለው። በፍስክ ወተት ጥሩ ነው። የምትጾሙ ደግሞ ኑግ፣ ሱፍ ወይም ዘይት ያለው ወጥ ብሉበት። ባዶ ሆድ በአረቄ መዋጥ ፈጽሞ አይሆንም!

አራተኛ፣ ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሳል። «ወባዬ ተነሳችብኝ» የምንለው ይህን ነው። ለሱ ተጨማሪ መድኃኒት ስላለ ባለሙያውን ጠይቁ። ነፍሰ ጡር እናቶችና ሕፃናት የሚሰጣቸው ደግሞ የተለየ ስለሆነ በራሳችሁ ምንም እንዳትሰጧቸው።

አምስተኛ፣ አጎበሩን ተኙበት። እህል ማስጫና ገመድ አታድርጉት።

በመጨረሻ ለአረቄ አውጪ እናቶች አንድ ቃል አለኝ። ይህን የጻፍኩት እንጀራችሁን ልዘጋ አይደለም። በጢስ ዓይናችሁ እየቀላ፣ ድፍድፍ ተሸክማችሁ ልጅ እንደምታስተምሩ አውቃለሁ፤ ከእነዚያ ልጆች ስንቱን እኔው አስተምሬአለሁ። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። እየተንቀጠቀጠ «አረቄ ስጡኝ፣ ወባ ይዞኛል» የሚል ሰው በራችሁ ላይ ሲመጣ አትቅዱለት። «ልጄ፣ መጀመሪያ ተመርመር» በሉት። ከእኔ ከመምህሩ ይልቅ እናንተን ይሰማል።

ለባሕር ዳሩ ልጄም መልሴ ይኸው፦ ጂን በቶኒክህን አሳምረህ ሥራ፤ በረዶውን አብዛ፣ ሎሚውን አትርሳ። ደንበኛው «ለወባ ነው» ካለህ ግን 72 ጠርሙስ እንደሚያስፈልገው ንገረው።

ቆላ የወረደ ወንድም፣ ልጅ ወይም ጎረቤት ያላችሁ ይህን አንብቡላቸው፤ ስልክ ለሌላቸው በቃል ንገሯቸው። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ የቻልኩትን እመልሳለሁ።

ደኅና ሁኑልኝ።